ሠዓሊው ያልሣለው
ለጀማሪ ጸሐፍት

ልጆቼ፣ ምናባዊ ኮሚክ (በተርታ የሥዕል ሣጥኖች የሚተረክ ታሪክ) እያነበባችሁ ልብ ወለድ ልትጽፉ ካሰባችሁ ማንበቡን አትተዉ። አብዛኛው ጀማሪ ግን ከኮሚክ የሚቀዳው ሰይፉን፣ ካባውንና ባለ ክንፉን ዘንዶ ነው። እነሱ የሠዓሊው ሀብት ናቸው። የሚጠቅማችሁ ሠዓሊው ሳይሥለው ያለፈው ነው።

የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ ሣጥኖች የሚተርከውን ባህላዊ ሥዕላችንን እዩ፤ ብዙውን ጊዜ 44 ሣጥን አለው። ዘንዶው መርዝ የበላችውን ፍየል ውጦ ይሞታል። መርዙ ሆዱ ውስጥ ሲሠራ የሣለው የለም፤ ተመልካቹ ግን በልቡ አይቶታል።

ይህን በእጃችሁ ሞክሩት። ከአንድ ኮሚክ 4 ገጽ ምረጡ፤ ንግግሩን በወረቀት ሸፍኑና ከየሣጥኑ የተረዳችሁትን በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። 20 ያህል ይወጣችኋል። 12ቱን ሰርዙና በቀሩት 8 ብቻ ከ300 ቃል ያልበለጠ ትዕይንት ሥሩ። ከዚያ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አስነብቡት። «ለምን እንዲህ አደረገ?» ብሎ ከጠየቀ የሰረዛችሁት ምክንያቱን ነውና መልሳችሁ አስገቡት። የጎደለው እርምጃና የእጅ ውርወራ ብቻ ከሆነ እንደተሰረዘ ይቅር።

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው ውጊያ ላይ ነው። በሥዕል አንድ ምት በዓይን ጥቅሻ ይታያል፤ በጽሑፍ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይፈጃል። ስለዚህ ምቱን ሁሉ የዘረዘረ ሰው ፈጣኑን ትዕይንት ያንቀራፍፈዋል። የመጀመሪያውን ምት፣ አሸናፊውን የለየውንና ከዚያ በኋላ ያለውን ዝምታ ጻፉ፤ ይበቃል።

በንግግር በኩል በአሜሪካ ኮሚክ የቆየ ልማድ አለ፦ በአንድ ሣጥን ከ35 ቃል አይበልጥም። እኛ ከዚያም በታች መጻፍ እንችላለን። «አልነገራቸውም» ብንል ማን፣ ለእነማን፣ እንዳላደረገም ጭምር በአንድ ቃል ገባ። ዓለማችሁን በገጸ ባሕርይ አፍ ከማስተማር ተጠንቀቁ። ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን ንግሥና ታሪክ እርስ በርስ አይተራረኩም፤ ሁለቱም ያውቁታላ!

ከሁሉ አስበልጬ የምመክራችሁ የአስማትን ዋጋ ነው። ጃፓናዊቷ ሂሮሙ አራካዋ ከ2001 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በሠራችው «ፉልሜታል አልኬሚስት» ኮሚክ ሁለት ልጆች የሞተች እናታቸውን ለመመለስ ይሞክራሉ። ታላቁ እግሩን፣ ታናሹ መላ አካሉን ያጣል፤ ታላቁ የወንድሙን ነፍስ ለማትረፍ ደግሞ ክንዱን ይከፍላል። 27ቱም ቅጽ የሚጓዘው ከዚህ ዕዳ ተነሥቶ ነው። ኃይል ያለ ዋጋ ከተሰጠ ጀግናው በማንኛውም ጭንቅ ያመልጣል፣ አንባቢም መሥጋቱን ይተዋል። እናም ምዕራፍ አንድን ሳትጀምሩ በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ኃይሉ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም፣ ማንን ምን ያስከፍላል። ሦስተኛውን መስመር መሙላት ካቃታችሁ መጻፉን አቆዩት።