የሐረር ስፌት «እስላማዊ ጥበብ» ይባላል ወይ? (መልስ)

የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የሣር ስፌቶች «እስላማዊ ጥበብ» ብለሽ ልትመድቢያቸው እንደሆነ ጽፈሻል። ቆይ፣ አሁን አትመድቢ። መጀመሪያ የቤቱን እመቤት ጠይቂ፦ ማን ሰፋችው? ማን ሰጠሽ? ለማን ሠርግ? ስሙንም በሐረሪኛ፣ እሷ እንደጠራችው ጻፊ። ብዙ ጊዜ የምትሰሚው ስለ እናት፣ ስለ ሙሽራና ስለ ጎረቤት ነው። ሃይማኖቱም እዚያው ውስጥ አለ፤ ግን ከሷ አፍ ይምጣ።

ከዚያ ስፌቱ ከየትኛው ነደባ (መደብ) በላይ እንደተሰቀለ መዝግቢ። ነደባዎቹ ደረጃ አላቸው፤ ሰውም እንደ ክብሩ ነው የሚቀመጠው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ግድግዳውን በሙሉ ፎቶ ሳታነሺ አንድም ስፌት እንዳታስወርጂ። እኔ ለፎቶ እንዲመቸኝ ብዬ አስወርጄ፣ የቱ የት እንደነበር ጠፋኝ። ባለቤቷ ዝም ብላ መልሳ ስትሰቅል በጣም አፈርኩ።