ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ለሕክምና ምርምር፦ ጥያቄና መልስ ከባለሱቁ ጋር

ባለሱቁ፦ እሺ፣ እንጀምር። እስከ ማታ 3 ሰዓት እዚሁ ነኝ። አራት ኪሎ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ቤቴ ያሉት ሁለት ማሽኖች ደግሞ ማታ ማታ ለበሽታ ምርምር ያሰላሉ። እንዲህ ኮምፒውተራችንን ለተመራማሪዎች በፈቃዳችን የምናውስ ቡድን አለን፤ አዲስ ሰው ስለበዛ ነው ይህን ጥያቄና መልስ የከፈትኩት። ከመጠየቃችሁ በፊት፦ ፕሮግራሙን ከፕሮጀክቱ ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፤ ሰው በፍላሽ የሰጣችሁን አትጫኑ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ያለ ፈቃድ አትጫኑ። የወሰዳችሁትን ሥራ ደግሞ ጨርሱ።

የቀበናዋ፦ ጋሼ፣ እኔ ትናንት ነው የገባሁት። ኮምፒውተሬ በትክክል ምንድን ነው የሚሠራው? መድኃኒት ይፈልጋል?

ባለሱቁ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው የኔ ልጅ። አንቺ የጫንሽው ፎልዲንግ አት ሆም የፕሮቲንን እንቅስቃሴ ያሰላል። ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፤ የአሚኖ አሲዶቹ ዓይነት 20 ነው። መቁጠሪያ ታውቂያለሽ? ሲዘረጋ ክር ነው፣ መዳፍ ላይ ሲወድቅ ተጠቅልሎ ቅርጽ ይይዛል። ፕሮቲንም እንዲሁ ይጠቀለላል፤ የያዘው ቅርጽ ሥራውን ይወስነዋል። አጠቃለሉ ሲበላሽ እንደ አልዛይመር ካሉ በሽታዎች ጋር ይያያዛል። ብዙ መድኃኒት ደግሞ የሚሠራው ፕሮቲኑ ላይ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ ሲያገኝ ነው።

ችግሩ ጊዜው ነው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ አቶም የት እንደሚሄድ በጣም በጣም በአጭር እርምጃ ያሰላል። አንዱ እርምጃ 2 ፌምቶ ሰከንድ (ፌምቶ ሰከንድ የማይክሮ ሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ቢሆን፣ አንድ ማይክሮ ሰከንድ ለማየት 500 ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ብዙ ፕሮቲን ተጠቅልሎ ለመጨረስ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሥራው ተቆራርጦ ለብዙ ሰው ይታደላል። የደረሰሽ ቁራጭ «ዩኒት» ይባላል። ጨርሰሽ ስትመልሺ ቀጣዩ ከአንቺ ውጤት ተነስቶ ይዘጋጃል። ለዚህ ነው ጨርሱ የምለው፤ አንቺ የያዝሽውን ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው።

የካዛንቺሱ፦ አልፋፎልድ የሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም የፕሮቲን ቅርጽን መተንበይ ጨርሶታል እየተባለ አይደል? ታዲያ ለምን እንለፋለን?

ባለሱቁ፦ አልፋፎልድ የሚሰጥህ ፎቶ ነው፤ እኛ ቪዲዮውን እናሰላለን። በኮሮና ጊዜ የቫይረሱ እሾህ የሚባለው ፕሮቲን እንዴት እንደሚከፈት የታየው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከዓለም የተሰበሰበው የሰው ኮምፒውተር በሰከንድ ከኤክሳፍሎፕ በላይ አስልቷል፤ 1 ብሎ 18 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ያህል ስሌት ማለት ነው።

አዲስ ገቢ፦ የኔ ኮምፒውተር ይሆናል?

ባለሱቁ፦ ምን ዓይነት ኮምፒውተር? ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው? ራሙ ስንት ነው? ግራፊክስ ካርድ አለው? ይህን ጽፈህ ተመለስ።

የጊዮርጊሱ፦ ብር ይከፈላል? ቢትኮይን ዓይነት ነው?

ባለሱቁ፦ አይከፈልም። አይደለም።

የአምስት ኪሎዋ፦ ለእኛ አገር በሽታ የሚሠራ ፕሮጀክት አለ ወይስ ሁሉም የሀብታም አገር በሽታ ነው?

ባለሱቁ፦ ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ቦይንክ የሚባል፣ የብዙ ፕሮጀክቶችን ሥራ የሚቀበል ፕሮግራም አለ፤ በእሱ የሚገባበት ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ ደግሞ የተለያዩ ምርምሮችን ሥራ ያድላል። እ.ኤ.አ. በ2004 አይቢኤም የሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ጀመረው፣ በ2021 ቶሮንቶ ላለው ክሬምቢል የምርምር ተቋም ተላለፈ። እዚያ ውስጥ ለሌሽማንያሲስ መድኃኒት ፍለጋ ተሠርቷል፤ መተማና ሁመራ ጉልበት ሠራተኛውን የሚጨርሰው ካላዛር የዚህ በሽታ አንዱ ዓይነት ነው። ለቢልሃርዝያም ተሠርቷል። እኔን የያዘኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው የቲቢው ነው።

የቲቢ ባክቴሪያ ወፍራም የሰም ካፖርት አለው። ካፖርቱ ማይኮሊክ አሲድ ከሚባሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች የተሠራ ነው፤ መድኃኒት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከልለታል። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ የሚገድለው ይህ አሲድ እንዳይመረት አድርጎ ነው። ፕሮጀክቱ ያሰላው እነዚህ ሞለኪውሎች እንዴት እንደሚታጠፉና እንደሚደራረቡ ነው። ካፖርቱ የቱ ጋ እንደሚሳሳ ካልታወቀ የሚበሳው መድኃኒት በግምት ነው የሚፈለገው።

እህቴ ቲቢ ታማ 6 ወር መድኃኒት ወስዳለች። የመጀመሪያውን 2 ወር አራቱን ዓይነት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለቱን። ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያው ድረስ አብሬያት እሄድ ነበር። ነርሷ ፊት ውሃ ይዛ ቆማ ትውጣለች፣ ወጥተን ደረጃው ላይ ማቅለሽለሹ እስኪያልፍላት እንቀመጣለን። ሁለተኛው ወር ላይ «ሻል ብሎኛል፣ ይብቃኝ» አለችኝ። ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው፤ በሽታው መድኃኒት የሚላመደውም ያኔ ነው። እሷ ጨረሰች፣ ዳነች። ሕክምናው በ6 ወር ፋንታ በ1 ወር ቢያልቅ ስንት ሰው አያቋርጥም ነበር! እኔ ማሽኔን የማላጠፋው ለዚህ ነው።

አሁን የትኛው ፕሮጀክት ሥራ እያደለ እንደሆነ ከዝርዝሩ እዩ። ቦይንክ ላይ ሁለት ሦስት ፕሮጀክት አብራችሁ ብትመዘገቡ አንዱ ሥራ ሲያጣ ሌላው ይቀጥላል።

የሜክሲኮው፦ ሁሉም መልካም፤ ግን በእኛ መብራት ተሠርቶ መድኃኒቱን የሚሸጥልን የፈረንጅ ኩባንያ ነው። የእንዶድን ነገር ረሳችሁት?

የአምስት ኪሎዋ፦ የእንዶድን ምኑን?

የሜክሲኮው፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ያ ቀንድ አውጣ ነው። ግኝቱ የእኛ ሆኖ ሳለ በኋላ አሜሪካ ውስጥ እንዶድ ለሌላ ተባይ ማጥፊያ ፓተንት ወጣበት።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦ ወንድሜ፣ እሱኮ ለእኔ ተቃራኒውን ነው የሚያሳየኝ። ዶክተር አክሊሉ የለፉት ለድሃ የሚሆን መድኃኒት የሚያጠና ሲጠፋ ነው። ሌላው ካላጠና እኛ እናግዝ።

የሜክሲኮው፦ ማገዝና መበዝበዝ ይለያያል።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦ ውጤቱ የት እንደሚሄድ አይተሃል?

ባለሱቁ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። የሜክሲኮው ያነሳው ቁም ነገር ነው፣ አልንቀውም። ለዚህ ነው ፕሮጀክት ስትመርጡ «ውጤቱን ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል ወይ?» ብላችሁ እዩ የምለው። ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ ተመራማሪዎቹ ዳታውን ክፍት እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ፎልዲንግ አት ሆም የተሳተፈበት የኮቪድ ሙንሾት መድኃኒት ፍለጋም ያለ ፓተንት፣ በግልጽ የተሠራ ነው። ይህን የማይል ፕሮጀክት ካያችሁ አትግቡ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

የቀበናዋ፦ መብራት ሲሄድስ? ትናንት 97 በመቶ ላይ ሄደብኝ። ከዚያ ስከፍተው 91 አለኝ፣ ልቤ ነው የተሰበረው።

ባለሱቁ፦ አይዞሽ፣ አልጠፋም። ፕሮግራሙ በየተወሰነ ጊዜ ቼክፖይንት ያስቀምጣል፤ መብራት ሲመጣ ከመጨረሻው ቼክፖይንት ይቀጥላል። የጠፋብሽ በመካከል ያለው ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያስፈራኝ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው፤ ፓወር ሰፕላይ ተቃጥሎ የሚመጣልኝ ብዙ ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) አድርጊ፤ ካልቻልሽ መብራት እንደሄደ ከሶኬቱ ንቀይው።

የካዛንቺሱ፦ ቆጣሪው ላይስ?

ባለሱቁ፦ 100 ዋት የሚበላ ማሽን በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በወር 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣድ በአንድ ሰዓት ብቻ ከ3 በላይ ይበላል፤ ከዚያ ጋር አስተያየው። ታሪፉ በየደረጃው ስለሚጨምር ግን ቤታችሁ ብዙ የምትጠቀሙ ከሆነ ሰዓቱን ቀንሱ። ለዚህ ብሎ የልጆቹን ወጪ የሚነካ ሰው አልፈልግም።

አዲስ ገቢ፦ ላፕቶፕ ነው፣ ራሙ 8። ይሞቃል?

ባለሱቁ፦ ይሞቃል። አልጋና ሶፋ ላይ አታስቀምጠው። ባለፈው ሳምንት አንድ ላፕቶፕ ከፍቼ ፋኑና የራዲያተሩ ክንፎች መካከል ያለውን አቧራ በመቆንጠጫ ስስበው እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ አንድ ላይ ተላጦ ወጣ። መንገድ ሲቆፈር የከረመበት ሰፈር ነው። ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱም ደርቆ ዱቄት ሆኗል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፋን እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ከቆላው ያነሰ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አስጸዳው። ቀጥሎ ቅንብሩ ውስጥ ከሲፒዩው (ከፕሮሰሰሩ) ግማሹን ብቻ እንዲጠቀም፣ በባትሪ ሲሆን እንዲያቆም አድርገው።

የጊዮርጊሱ፦ ላፕቶፕ ላይ ይሞቃል እንዴ?

ባለሱቁ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

የስድስት ኪሎው፦ ስልክ ላይስ?

ባለሱቁ፦ ቦይንክ አንድሮይድ ላይ አለ። ቻርጅ ላይ ሲሆንና በዋይፋይ ብቻ ይሥራ።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦ ለሠራነው ዩኒት የሚሰጠን ነጥብ ከሌሎች ቡድኖች ወደኋላ ቀርቷል። መሥሪያ ቤት 40 ኮምፒውተር አለ፣ ማታ ባዶ ነው...

ባለሱቁ፦ አይሆንም። መጀመሪያ ያልኩት ይህን ነው። ያለ ፈቃድ የሰው ንብረትና የሰው መብራት ነው፤ ሥራህን ታጣለህ፣ የቡድናችንም ስም ይበላሻል። በደብዳቤ ጠይቅ፤ ከፈቀዱ እኔ መጥቼ እጭናለሁ። ነጥቡን በተመለከተ፣ ፎልዲንግ አት ሆም ላይ ፓስኪ (ሥራው የእናንተ መሆኑን የሚያሳይ የግል ቁልፍ) አውጡ፤ 10 ዩኒት ከመለሳችሁና ከወሰዳችሁት ቢያንስ 80 በመቶውን ከጨረሳችሁ በፍጥነት ለሚመልስ ጭማሪ ነጥብ አለ። ከባዱን ዩኒት እየሰረዛችሁ ቀላሉን የምትጠብቁ አላችሁ፤ አያለሁ። አታድርጉት።

የአምስት ኪሎዋ፦ እኔ ለበዓል ጎንደር ልሄድ ነው፣ ሁለት ሳምንት። ዝም ብዬ ላጥፋው?

ባለሱቁ፦ አታጥፊው። ዩኒቱ የመመለሻ ቀነ ገደብ አለው፤ ካለፈ ለሌላ ሰው ይሰጥና ያንቺ ልፋት ይባክናል። ቦይንክ ላይ ፕሮጀክቱን መርጠሽ «አዲስ ሥራ አትቀበል» የሚለውን ተጫኚ። የያዘውን ይጨርሳል፣ ይልካል፣ ከዚያ ታጠፊዋለሽ። ስንት ቀረሽ?

የአምስት ኪሎዋ፦ ሁለት። አንዱ 60 ላይ ነው፣ አንዱ ገና ጀመረ።

ባለሱቁ፦ የምትሄጂው መቼ ነው?

የአምስት ኪሎዋ፦ ከነገ ወዲያ ጠዋት።

ባለሱቁ፦ ይደርሳል። ዛሬ ማታ ክፍት ተይው። በሰላም ግቢ።