ጤና ጣቢያ መምረጥ ለማን በጀ?

ጥያቄ፦ በስዊድን ታካሚው ጤና ጣቢያውን ራሱ እንዲመርጥ መደረጉ፣ እንደ እናቴ ቋንቋውን ለማያውቁ አረጋውያን ምን ፈየደ? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ መብቱ ለሁሉም ተሰጠ፤ ጥቅሙ ግን እኩል አልተዳረሰም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ምርጫው በመላው አገሪቱ ሕግ ሲሆን፣ መስፈርቱን ያሟላ የግል ድርጅትም በፈለገው ሰፈር ጤና ጣቢያ እንዲከፍት ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የመንግሥት ኦዲት ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ አዳዲሶቹ ይበልጥ የተከፈቱት የሕክምና ፍላጎት ዝቅ ባለባቸው አካባቢዎች ነው፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ቀለል ያለ ሕመም ያለባቸው ናቸው።

ምክንያቱ ክፍያው ላይ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ኖሮባቸው በአስተርጓሚ የሚታከሙ እናት ረጅም ቀጠሮ ይፈልጋሉ፤ ጉንፋን የያዘው ወጣት ግን ቶሎ ይወጣል። ክፍያው በታካሚ ብዛት ብቻ ከተሰላ፣ ጣቢያው እናትዎን ሲያክም ይከስራል። ለዚህም ነው ብዙ ክልሎች ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን፣ ሥራ አጥነትንና የትውልድ አገርን የሚያይ መለኪያ በክፍያው ቀመር ውስጥ ያስገቡት። ይህ ማካካሻ ፈጽሞ ሊነካ አይገባም።

እናትዎ ባንክ አይዲ (የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ) ከሌላቸው በ1177፣ ማለትም በአገሪቱ የጤና አገልግሎት ድረ ገጽ፣ መመዝገብ ይቸግራቸዋል፤ ከጣቢያው የወረቀት ቅጽ ይጠይቁ። ከመፈረምዎ በፊት ቋሚ ሐኪም ይመደብላቸው እንደሆነ ያጣሩ። አስተርጓሚውንም ቀጠሮ ሲይዙ አብረው ያስይዙ፤ በዕለቱ ከጠየቁ ላይገኝ ይችላል።