ጥያቄና መልስ፦ ወፍም ቢራቢሮም በአንድ የዕረፍት ጉዞ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር የዓመት ዕረፍታችንን በኬንያ የባሕር ዳርቻ፣ ዋታሙ በምትባለው ከተማ ለማሳለፍ አስበናል። እኔ ወፍ መመልከት እወዳለሁ፤ ትልቋ ልጄ ደግሞ ቢራቢሮ ካየች ሌላ ነገር አያምራትም። ባለቤቴ በበኩሏ ዕረፍታችን በመኪና ስንንገላታ እንዲያልቅ አትፈልግም። ሁለቱንም ማየት ይቻለናል? መቼ ብንሄድ ይሻላል? ምንስ እንያዝ?
ከአዳማ

መልስ፦ ይቻላል፤ ባለቤትዎ የፈሩት መንገላታትም ዋታሙ ላይ ብዙ አያሰጋም። በማንግሮቭ ዛፎች የተከበበው የሚዳ ክሪክ ወሽመጥ፣ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍነው የአራቡኮ ሶኮኬ ደን እና የጥንቷ የስዋሂሊ ከተማ የገዲ ፍርስራሽ ሁሉም በቅርብ ይገኛሉ። አስጎብኚዎች ወደ ጻቮ የዱር እንስሳት ፓርክ ደርሳችሁ ተመለሱ ብለው ቢያግባቧችሁም፣ ለዚህኛው ዓላማ ግን እዚያው መቆየቱን እመርጣለሁ።

ጊዜውን በተመለከተ ኅዳር ይሻላል እላለሁ። በጥቅምትና በኅዳር የሚጥለው አጭሩ ዝናብ ለጋ ቅጠል ያወጣል፤ ሴቷ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው እጮቿ በሚመገቡት ተክል ላይ በመሆኑ፣ ዝናቡ ከጀመረ ከሳምንታት በኋላ በደኑ ውስጥ የቢራቢሮው ቁጥር ይጨምራል። በዚሁ ወቅት ከሰሜን የሚፈልሱት ወፎችም ሚዳ ክሪክ ደርሰዋል። ከእነዚህ መካከል እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ጥቁርና ነጭ መልክ፣ ረጅም እግርና ወፍራም ጥቁር መንቁር ያለውን ሸርጣን በሊ ወፍ ነው። ይህ ወፍ በቀይ ባሕርና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻዎች አሸዋ ቆፍሮ፣ በጉድጓዱ ውስጥ አንድ ነጭ እንቁላል ይጥላል፤ ጫጩቱም መብረር ከቻለ በኋላ እንኳ ከወላጁ ስለማይለይ፣ ጎልማሳ የሚያህል ልጅ ወላጁን እየተከተለ ሸርጣን ሲለምን ልታዩ ትችላላችሁ። ባሕሩ ሲጎድል ወፎቹ በጭቃው ሜዳ ላይ ተበትነው ይርቃሉ፤ ሲሞላ ግን ውኃው ራሱ ወደ ዳር ይገፋቸዋል። የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ፣ ከምታርፉበት ሆቴል ሰዓቱን ጠይቃችሁ ውኃው መሙላት ሲጀምር ቦታችሁን ያዙ።

ወደ ደኑ የሚኬደው በማለዳ ነው። በዓለም ላይ እንደዚህ ደንና እንደ ታንዛኒያው ኡሳምባራ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ብቻ የሚኖረው ትንሹ የሶኮኬ ጉጉት ቀን ላይ የሚያርፍበትን ዛፍ የአካባቢው አስጎብኚዎች ያውቁታል። የተቀዳ ድምፅ አጫውቶ መጥራት ወፉን ስለሚረብሽ፣ አስጎብኚው ይህን እንዳያደርግ አስቀድመው ይንገሩት። ቢራቢሮ ፀሐይ ሳያሞቀው ስለማይበር፣ ልጅዎ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ብዙም አትጠብቅ። ጥላ ሥር የበሰበሰ ሙዝ ቢቀመጥ ካራክሰስ የሚባሉት ጠንካራ ክንፍ ያላቸው ቢራቢሮዎች ወርደው ይመጡበታል፤ ሲመገቡም በቅርብ ለማየት ይመቻሉ። ሌላው ሊፈለግ የሚገባው ፓፒሊዮ ዳርዳነስ ነው፤ ወንዱ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ የኋላ ክንፉ ጭራ አለው፣ የዚያ አካባቢ ሴቶች ግን ጭራ አልባ ሆነው ወፎች የሚጠሏቸውን መራራ ቢራቢሮዎች ይመስላሉ። በእኛ አገር ብዙዎቹ ሴቶች ጭራ ያላቸውና ወንዱን የሚመስሉ በመሆናቸው ማነጻጸሩ ደስ ይላል።

ዝናብ ከጣለ ገዲ ወዳለው ኪፔፔዮ ይሂዱ። በ1993 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ ፕሮጀክት የደኑ አጎራባች ገበሬዎች እጭ አሳድገው ሙሽሬውን ለውጭ አገር የቢራቢሮ ማሳያ ቤቶች እንዲሸጡ ያደርጋል፤ ደኑ ቆሞ ካልተገኘ ቢራቢሮም ሽያጭም ስለማይኖር፣ ከብዙ ስብከት የተሻለ ጥበቃ ይመስለኛል።

ባይናኩላር ሲመርጡ ስምንት ጊዜ የሚያጎላ፣ በሁለት ሜትር ርቀትም አጥርቶ የሚያሳይ ይሁን፤ አለበለዚያ ለወፉ ቢያገለግልም ለቢራቢሮው አይሆንም። በቦሌ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል አስቀድመው ጉምሩክን ይጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ፣ ባሕር ዳርቻው ወባማ በመሆኑም ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ። ቢራቢሮ ያለ ፈቃድ መያዝና ማውጣት ክልክል ስለሆነ ልጅዎ መረቧን ቤት ትተው። የፕላስቲክ ከረጢትም ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለከለከለች፣ ሻንጣችሁን የጨርቅ ከረጢት ይዛችሁ አሰናዱ።