መርዙ የሚሠራበት ቦታ፦ ለወጣት ሐኪሞች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከመካከላችሁ አንዲት ተማሪ ስለ ሜታኖል፣ ማለትም ስለማይጠጣው የአልኮል ዓይነት፣ «ሜታኖልን ወደ መርዝ የሚለውጠው አንጎል ራሱ ነውን?» ብላ ጠየቀችኝ። በአጭሩ መለስሁላት፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንድ ጎልማሳ አመሻሽ ላይ በእግሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መጣ። ከሰዓታት በፊት ለጽዳት የተቀመጠ ፈሳሽ እንደ ጠጣ ነገረኝ። ራሱን ከመክበዱ በቀር የሚያመው ነገር አልነበረም፤ የደሙ አሲድነትም ልከኛ ነበር። መርዝ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይታይ ነበር ብዬ ወደ ቤቱ ሰደድሁት። በማግስቱ ወንድሙ እጁን ይዞ መልሶ አመጣው። ሁሉም ነገር ነጭ ጭጋግ ሆኖበታል፤ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ለብርሃን አይመልስም ነበር። ወንድሙ በቁጣ ሳይሆን በጭንቀት «ትናንት ደህና ነው ብለውን ነበር እኮ» አለኝ። ሜታኖል የነበረበትን ፈሳሽ ከተለመደ የአልኮል መጠጥ ጋር ቀላቅሎ እንደ ጠጣውም ያን ጊዜ ሰማሁ፤ እኔ አልጠየቅሁም ነበር። ነፍሱ ተረፈች፤ ብርሃኑ ግን አልተመለሰም።

ሜታኖል በዋናነት የሚለወጠው ጉበት ውስጥ ነው፤ አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ኤንዛይም መጀመሪያ ፎርማልዲሃይድ ያደርገዋል፣ ከዚያም በሌላ ኤንዛይም ፎርሚክ አሲድ ይሆናል። በተለመደው መጠጥ ውስጥ ያለው አልኮል፣ ኤታኖል፣ ይህን ኤንዛይም ቀድሞ ስለሚይዘው ሜታኖሉ ተራ ይጠብቃል፤ እኔ ደህንነት ያልሁት ዝምታ ይህ መዘግየት ነበር። አንጎል ውስጥ ይህ ኤንዛይም እጅግ ጥቂት ነው፤ እዚያ ኤታኖልን የሚያቃጥሉት ይልቁንም ካታሌዝና ሳይቶክሮም ፒ450 2ኢ1 የተባሉ ሌሎች ኤንዛይሞች ናቸው። ፎርሚክ አሲዱ በደም ደርሶ የሚቶኮንድሪያን፣ ማለትም የሕዋሱን የኃይል ማመንጫዎች፣ የመጨረሻ የመተንፈሻ ኤንዛይም ሲያግድ፣ ኦክስጅን እያለ ሕዋሱ ይታፈናል፤ የዓይን ነርቭና ፑታመን የተባለው የአንጎል ክፍል አብዝተው ይጎዳሉ።

የዛሬ ወጣቶች ከበሽተኛው ይልቅ የላቦራቶሪውን ቁጥር ታምናላችሁ እያልሁ እወቅሳችኋለሁ፤ ነገር ግን ያን ምሽት ቁጥሩን ያመንሁት እኔው ነኝ፣ መርዙ የት እንደሚሠራ የጠየቀም በእኛ ዘመን አላስታውስም።

ፎሜፒዞል የተባለው መድኃኒት፣ እርሱ ከሌለም ኤታኖል፣ ይህን የጉበት ኤንዛይም ስለሚያግድ አሲዱ ሳይፈጠር በፊት ሲሰጥ ይበልጥ ይጠቅማል። አሲዱ ከተጠራቀመ በኋላ የደም እጥበትና ፎርሚክ አሲዱን ለማስወገድ የሚረዳው ፎሊኒክ አሲድ የተባለ መድኃኒት ይጨመራሉ፤ ለዚያ ሰው ሕክምናውን የጀመርነው በሁለተኛው ቀን ነበር።