አዲስ ጠረጴዛ ከማዘዝሽ በፊት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ናት። የሂሳብ ሥራ ከቤት ሆኜ እሠራለሁ። በቀን ስምንት ሰዓት ያህል ላፕቶፕ ላይ ነኝ። የምሠራው የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ነው፤ ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር ነው። እኔ 1 ሜትር ከ58 ነኝ። የቢሮ ወንበር ገዝቼ እግሬ መሬት እንዲነካ ወደ 41 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረግኩት። ትከሻዬንና አንገቴን ያቃጥለኛል፤ ራሴንም ያመኛል። ጠዋት ብርዱ ስለሚከብድ የከሰል ምድጃ አጠገቤ አደርጋለሁ። መስኮቱ ከጀርባዬ ስለሆነ ስክሪኑ ያንጸባርቃል። ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ስልክ ላይ አይቼ ወድጄዋለሁ። ከፍታው 80 ቢሆን ይሻላል? ስንት ያስወጣኛል?»

እህቴ፣ ከጠረጴዛው በፊት ስለ ከሰሉ ላውራ። እኔ አናጺ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይህን አልፌ ስለ እንጨት ብጽፍልሽ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ነገ ጠዋት ምድጃውን ከክፍሉ አውጪው። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ሲበዛ ይገድላል። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆን ደህና ነው የሚሉ አሉ። ስህተት ነው፤ ጋዙ ከፍሙም ይወጣል። አንቺ ራስ ምታቱን በስክሪኑ አሳበሽ ይሆናል። ከሰሉን ካወጣሽ በኋላ ቢተውሽ ምክንያቱን አወቅሽው ማለት ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ወደ እናንተ በኩል እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፤ የእኔም መሥሪያ ቤት ቱሉ ዲምቱ ነው። ጋቢ ልበሺ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጊ፣ ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልለሽ ጭንሽ ላይ አስቀምጪ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። 80 ሳንቲ ሜትር አታስቢው። አሁን ያለው 75ቱም ለአንቺ ረጅም ነው። ችግርሽ እዚያ ላይ ነው ያለው።

እንዲህ ሆነልሽ። ወንበሩን ለእግርሽ ብለሽ አወረድሽው፤ እግርሽ መሬት ነካ። ጠረጴዛው ግን አብሮሽ አልወረደም። ስለዚህ እጅሽ ኪቦርዱ ላይ እንዲደርስ ቀኑን ሙሉ ትከሻሽን ወደ ላይ ሰቅለሽ ትሠሪያለሽ። ለአምስት ደቂቃ ምንም አይደለም። ለስምንት ሰዓት ሲሆን ግን ባዶ እጅሽን ሸክም እንደ መሸከም ነው። የሚያቃጥልሽ ጡንቻው ስለደከመ ይመስለኛል።

ይህን የተማርኩት በጥፋቴ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ለአንዲት ልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ሠራሁላት። ማንንም ሳልለካ፣ እንደለመድኩት 75 አደረግኩት። እንጨቱ ደረቅ፣ ማጋጠሚያው ጥብቅ፣ ቀለሙ የሚያምር ነበር። ከወር በኋላ መጥታ ትከሻዬ አለቀ አለችኝ። ሄጄ ስትሠራ አየኋት። ክርኗ ከጠረጴዛው አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ዝቅ ብሎ ነበር። ያን ቀን እግሩን ቆረጥኩላት። ከዚያ ወዲህ የሚቀመጥበትን ሰው ሳልለካ የሥራ ጠረጴዛ አልሠራም።

አንቺም ሜትር ያዢና ለኪ። ሰው ቢያግዝሽ ይሻላል። ወንበሩ አሁን ባለበት ከፍታ ላይ ሆነሽ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። ትከሻሽን ልቀቂው። ክርንሽን ከጎንሽ አድርጊ፤ ክንድሽ እንደ ስኳድራ፣ ማለትም እንደ ጠረጴዛ ማዕዘን ይታጠፍ። ከዚያ ከወለሉ እስከ ክርንሽ ሥር ይለካ። በአንቺ ቁመት ወደ 64 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ይመስለኛል፤ ግን የእኔን ግምት ትተሽ ሜትሩን እመኚ። 64 ከሆነ ጠረጴዛሽ በ11 ሳንቲ ሜትር ይበልጥሻል ማለት ነው።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የጠረጴዛውን እግር መቁረጥ ነው። እሱን አልመክርም፤ ቤተሰቡ ሁሉ የሚበላበት ነው፣ የተቆረጠ እግር ደግሞ አይቀጠልም። ሌላው ወንበሩን 11 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው፤ ወደ 52 ይደርሳል። ብዙዎቹ የቢሮ ወንበሮች እስከዚያ ይደርሳሉ። እግርሽ ይንጠለጠላል ትይኛለሽ። ትክክል ነሽ። እግር ሲንጠለጠል የወንበሩ ጠርዝ ጭንን ከሥር ይጫነዋል፣ እግርም ይደነዝዛል። ለዚህ የእግር ማሳረፊያ እንሠራለን።

ለማሳረፊያው ቁርጥራጭ እንጨት ይበቃል። ርዝመቱ 45፣ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ጣውላ ያስፈልጋል። ሁለት የጎን እንጨት ቁረጪለት፤ ተረከዝሽ በሚያርፍበት በኩል ቁመቱ 9፣ በጣትሽ በኩል 14 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ይህ ትንሽ ተዳፋት እግርን ያሳርፋል። እንጨቱ መድረቁን አረጋግጪ፤ እርጥብ ባህር ዛፍ ከሆነ በሁለት ሳምንት ይጣመምና መወዛወዝ ይጀምራል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው። ከሥሩ የድሮ ከመነዳሪ ቆርጠሽ ብትመቺበት ሴራሚክ ላይ አይንሸራተትም። ሰፈርሽ ያለ ማንኛውም አናጺ በግማሽ ሰዓት ይሠራዋል። እስከዚያ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ በፎጣ ጠቅልለሽ ተጠቀሚ።

ከፍ ካልሽ በኋላ አንድ ነገር ፈትሺ። ከጠረጴዛው ገጽ ሥር ዙሪያውን የሚያስረው እንጨት አለ። በእሱና በጭንሽ መካከል መዳፍሽ ጠፍጣፋ ሆኖ ካለፈ ጨርሰናል። ካላለፈ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ መቀመጫሽ እስከ ኋላ ይግባ። ከጉልበትሽ ማጠፊያ እስከ ወንበሩ ጠርዝ ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ይኑር። ወገብሽን የሚደግፍ ነገር ከሌለው ነጠላ ጠቅልለሽ ቀበቶ በሚታሰርበት ቦታ አስገቢ።

ቀጥሎ ላፕቶፑ። ላፕቶፕ ስክሪኑና ኪቦርዱ አብሮ የተሠራ ነው። ለእጅ ሲመች አንገት ይደፋል፤ ለዓይን ሲመች እጅ ይሰቀላል። የትኛውም አናጺ የሚሠራው ጠረጴዛ ይህን አያስተካክልም። ስለዚህ ለአዲስ ጠረጴዛ ካሰብሽው ገንዘብ ላይ ትንሽ ቆንጥረሽ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ ግዢ። ተራው፣ ባለ ሽቦው ይበቃል። ላፕቶፑን በሳጥን ወይም በመጻሕፍት ላይ አድርጊው፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንሽ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን። ርቀቱ እጅሽ ሲዘረጋ የሚደርስበት ያህል ነው። ከሥሩ ወይም ከጎኑ ያለውን የአየር መውጫ አትድፈኚበት።

ለነጸብራቁ ጠረጴዛውን አዙሪው። መስኮቱ ከጀርባም ከፊትም አይሁን፤ በጎን ይሁን። በቀኝ እጅሽ የምትጽፊ ከሆነ በግራሽ ቢሆን ጥላ አይጥልብሽም። መስኮትሽ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ጠዋት እስከ 4 ሰዓት አካባቢ ፀሐዩ ዝቅ ብሎ ይገባልና ስስ መጋረጃ ጣይበት። ከአራተኛ ፎቅሽ የረር ተራራ የሚታይሽ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው። በየ20 ደቂቃው ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከቺ፤ ዓይን የሚያርፈው ሩቅ ሲያይ ነው። ስልክ ሲደወልልሽ ቆመሽ አውሪ። ምንም ያህል የተስተካከለ ወንበር ቢሆን ስምንት ሰዓት ሳይነሱ ለመቀመጥ አልተሠራም።

የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውንም ልብ በይ። ጠረጴዛውን ስታዞሪ ሽቦ ማስረዘምሽ አይቀርም። በምንጣፍ ሥር አታሳልፊው፣ ጠቅልለሽም አትተዪው፤ ይሞቃል። 10 አምፔር የሚል ማከፋፈያ በ220 ቮልት የሚችለው 2,200 ዋት ነው። ላፕቶፕና መብራት ለእሱ ምንም አይደሉም። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ምጣድና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ይሰኩ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። መዳፍሽ በጭንሽና በጠረጴዛው መካከል ካላለፈ፣ ያኔ አዲስ ጠረጴዛ ያስፈልግሻል። ከፍታው ክርንሽ ጋ የተለካው ይሁን፣ 64 ከሆነ 64። የእግር ማሳረፊያውም አያስፈልግሽም፣ ወንበሩም ወደ ቦታው ይመለሳል። ጥልቀቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ያለበለዚያ ስክሪኑ ፊትሽ ላይ ይሆናል። ርዝመቱ 1 ሜትር ይበቃሻል። መሳቢያ ከሥሩ እንዲሠሩልሽ አትፍቀጂ። እኛ አናጺዎች መሳቢያ መጨመር እንወዳለን፣ ደንበኛም ይወደዋል፤ ግን ጉልበትሽ የሚገባበትን ቦታ ይበላዋል።

የሚታጠፈው ዓይነት ላይ የምፈራው ግድግዳሽን ነው። የኮንዶሚኒየም የውስጥ ግድግዳ አንዳንዱ ብሎኬት ነው፣ አንዳንዱ አግሮስቶን የሚባል ሰሌዳ። በጣትሽ አንኳኪው። ቀጭን ሰሌዳ የሚመስል ድምፅ ካለው አግሮስቶን ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ ጠረጴዛ አይሰቀልም። ብሎኬት ከሆነም መሐሉ ባዶ ነው። ትራፓኖው ባዶው ላይ ከገባ ፊሸሩ፣ ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ፣ አይዝም፣ ክንድሽን ስትደገፊበት ይነቀላል። ስለዚህ የሚታጠፍ ከሆነ የፊት እግሩ መሬት የሚረግጥ ይሁን፤ ክብደቱን እግሩ ይሸከም፣ ግድግዳው እንዳይወድቅ ብቻ ይያዘው።

ዋጋውን ሳልለካ አልነግርሽም። መጀመሪያ ወንበሩን ከፍ አድርጊ፣ ማሳረፊያውን አሠሪ፣ ኪቦርዱን ግዢ፣ ሁለት ሳምንት ሥሪበት። ከዚያም በኋላ ትከሻሽ ካልተወሽ፣ ወይም ጣትሽ ሌሊት የሚደነዝዝ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ከክርንሽ እስከ ወለሉ ያለውን ልክና የመዳፉን ፈተና ውጤት ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ጠረጴዛ ካስፈለገሽ ሥዕሉን እኔ አወጣልሻለሁ።