መመለስን የሚከለክል ውል

ከባቦጋያው የባሕረኞች ማሠልጠኛ ወጥተህ፣ ሦስተኛ ኢንጂነር ሆነህ ሁለት ዓመት በጭነት መርከብ ሠርተሃል። አሁን አንድ አውሮፓዊ ባለሀብት የሸራ ጀልባ ሊገዛልህ፣ አንተም ብቻህን ዓለምን ልትዞርበት ነው። ጉዞውን ካቋረጥክ ግን ጀልባዋን መልሰህ ትገዛለህ ይላል ውሉ። እናትህ አልቅሰዋል፤ አጎትህ "ፈርም" ብለውሃል፤ አንተም ልፈርም ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል።

የእናትህን ነገር ለአንተ እተወዋለሁ። አጎትህ ግን ዕዳውን አብረው ይፈርማሉ? ካልፈረሙ በሰው ገንዘብ እየተጫወቱ ነው።

እንዲህ ያለ ውል እ.ኤ.አ. በ1968 እንግሊዛዊው ዶናልድ ክሮውኸርስት፣ ብቻን ዓለምን ለሚዞሩበት የሸራ ጀልባ ውድድር ሲነሳ ፈርሞ ነበር። ቤቱንና ድርጅቱን አስይዞ፣ የውድድሩ የመነሻ ጊዜ በሚያበቃበት በኦክቶበር 31፣ በቅጡ ባልተጠናቀቀች ባለ ሦስት ቀፎ ጀልባ ተነሳ። ጀልባዋ ታፈሳለች፤ ውኃውን የሚያወጣው ፓምፕ ቱቦ ደግሞ ወደብ ላይ ቀርቷል። ወደ ደቡብ ውቅያኖስ ቢገባ መስጠም፣ ቢመለስ መክሰር። አትላንቲክ ላይ እየተንከራተተ የሐሰት ቦታ በሬዲዮ ማስተላለፍ ጀመረ። ያልደረሱበትን ቦታ ማስመሰል ቀላል አይደለም፤ ባሕረኛ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው የፀሐይን ከፍታ ለክቶ ስለነበር፣ ያንን ከፍታ ከውጤቱ ወደ ኋላ እያሰሉ መፍጠር ያስፈልጋል። ወራት እንዲህ ኖረ። የመጨረሻው ጽሑፉ የጁላይ 1 ቀን 1969 ነው፤ ጁላይ 10 ቀን ጀልባዋ ባዶዋን ተገኘች።

ስለ እንቅልፍም ጠይቀሃል። ከ8 የባሕር ማይል ርቀት ያየኸው ባለ 20 ኖት (በሰዓት 20 የባሕር ማይል የሚሄድ) መርከብ፣ አንተ በ6 ኖት ፊት ለፊቱ ብትሄድ፣ በ18 ደቂቃ ግድም ላይህ ላይ ነው። ብቸኛ ተጓዦች መርከብ በሚበዛበት ባሕር 20 ደቂቃ ያህል እየቆራረጡ የሚያሸልቡት ለዚህ ነው። ቀናት ሲደራረቡ የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ ሸራው በስህተት ይታሰራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቅ። ጀልባዋ ከመነሻው 3 ወር ቀድማ ውኃ ላይ ትውጣ፤ ብቻህን ቢያንስ 2000 ማይል ሞክራት። ከሙከራው በኋላም ሆነ በማንኛውም ወደብ ማቋረጥ ዕዳ አያስከትልም የሚል አንቀጽም ይግባ። ሬዲዮህን የሚያነሳው ሰው የባለሀብቱ ተቀጣሪ አይሁን፤ "እመለሳለሁ" ስትለው የማይደነግጥ ሰው ምረጥ።

ባለሀብቱ እንቢ ካለህ የጭነት መርከብህ ላይ ቆይ። የሸራ ጀልባ ጉዞ ለሚቀጥለው የኢንጂነርነት ማዕረግህ የባሕር ጊዜ ሆኖ አይቆጠርም፤ የሚፈለገው ቢያንስ 750 ኪሎዋት ሞተር ያለው መርከብ ነው።